ስለ መጀመሪያ የብየዳ ማሽን አመራረጥ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ማሽንም እንደዚሁ ነው፤ ወደ ሥራው ያደርሳል እንጂ ሥራውን የሚሠራው የሰው እጅና ዕውቀት ነው። ይህን አባባል በሚገባ የተረዳሁት ባለፈው ዓመት፣ አባቴ በግቢያችን ውስጥ ለሚያቋቁሙት ትንሽ የብረታ ብረት ሥራ የብየዳ ማሽን በምንመርጥበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ያገኘሁትን ትምህርት ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ለማቅረብ ወደድሁ።

አባቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ተቀጥረው ለብዙ ዓመታት በርና መስኮት ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሠሪያቸው ሥራውን ሲዘጉ ግን ከሙያቸው በስተቀር በእጃቸው የቀረ መሣሪያ አልነበረም። እናቴ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው ስለ ነበር ገንዘቡን ለማሽን መግዣ ፈቀዱ። ነገር ግን «ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም፤ የታናናሾችሽም ደብተርና ልብስ በዚሁ ውስጥ ነው» ሲሉ አስጠነቀቁን። አባቴም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ የፊዚክስ ትምህርትሽ ለዚህ ካልረዳን ለመቼ ሊረዳን ነው? እስቲ አስልተሽ አሳዪኝ» አሉኝ።

1ኛ/ ስለ ሁለቱ የብየዳ ዓይነቶች

በኤሌክትሪክ መበየድ ማለት አርክ በሚባለው የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሁለት ብረቶችን ጠርዝ አቅልጦ አንድ ማድረግ ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የአርኩ ሙቀት ግን ከ5000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የቀለጠ ብረት አየር ካገኘው ይበላሻል፤ ስለዚህ ከአየር የሚጋርደው ነገር ያስፈልገዋል። ሁለቱ የብየዳ ዓይነቶች የሚለያዩት በዚሁ መጋረጃ ነው።

የመጀመሪያው በየሰፈሩ የምናየው በኤሌክትሮድ መበየድ ነው። ኤሌክትሮዱ ራሱ እየቀለጠ ስፌቱን ይሞላል፤ ቅባቱም ሲቃጠል ጢስና ቅርፊት ሆኖ ብረቱን ይጋርዳል። በቅባት የተሸፈነውን ኤሌክትሮድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈለሰፈው ኦስካር ሼልበርግ የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው።

ሁለተኛው ቲግ ይባላል። በዚህኛው አርኩ የሚነሣው ከተንግስተን ጫፍ ነው። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3400 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ራሱ አይቀልጥም፤ መሙያው ሽቦ በሌላው እጅ ይጨመራል። መጋረጃውም አርጎን የሚባለው ጋዝ ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ውስጥ ራስል ሜሬዲት በአውሮፕላን ፋብሪካ ሲሠራ ማግኒዚየምን ለመበየድ አወጣው፤ ያን ጊዜ ጋዙ ሂሊየም ነበር። የቲግ ስፌት ንጹሕና ቅርፊት የሌለው ነው፤ ነገር ግን ሁለት እጅና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነፋስም ጋዙን ስለሚበትነው ደጅ ላይ አይመችም።

2ኛ/ ስለ ቤት መስመር

አባቴ በመጀመሪያ የተመኙት ባለ 200 አምፔር ማሽን ነበር። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የቤታችንን ብሬከር አየሁ፤ 25 አምፔር ይላል። መስመራችንም እንደ ሌላው የአገራችን መኖሪያ ቤት 220 ቮልት ነው።

አርኩ የሚፈልገውን ቮልት ለመገመት የሚያገለግል ደንብ አለ። ለኤሌክትሮድ ብየዳ አምፔሩን በ0.04 አባዝቶ 20 መጨመር ነው፤ ለቲግ ግን 10 ይጨመራል። በ100 አምፔር ኤሌክትሮድ ስንበይድ 24 ቮልት ይሆናል፤ ኃይሉም 2400 ዋት ነው። ማሽኑ ከሚቀበለው ኃይል 80 ከመቶውን ብቻ ወደ አርኩ ያደርሳል ብንል ከመስመሩ 3000 ዋት ይወስዳል። ይህን ለ220 ስናካፍል 13.6 አምፔር ይሆናል። ተራ ኢንቨርተር ደግሞ ኃይሉን ከመስመሩ በእኩል ስለማይስብ፣ ፓወር ፋክተሩን 0.7 ብንወስድ ወደ 19.5 አምፔር ይደርሳል። ይህን ብሬከራችን ይችለዋል።

በ200 አምፔር ግን በዚሁ ስሌት ወደ 45 አምፔር ይሆናል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል፤ ትልቅ ብሬከር ብቻ ብንቀይር ደግሞ ሽቦው ግሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ቲግ በ100 አምፔር የሚስበው ከ12 አምፔር አይበልጥም፤ ስለዚህ ለቤት መስመር ከኤሌክትሮዱ ይልቅ ይቀላል።

አባቴ ስሌቱን አይተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ በ100 አምፔር ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ራሳቸው ያውቁት ነበር። በርና መስኮት የሚሠራበት ቱቦላሬ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 ሚሊሜትር አይበልጥም። 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። በቲግም ለአንድ ሚሊሜትር የብረት ውፍረት ወደ 40 አምፔር ያህል ነው የሚታሰበው። በሕይወታቸው ሙሉ የሠሩት ሥራ ከ100 አምፔር በታች እንደ ነበር ሲገነዘቡ ሣቁ።

3ኛ/ ስለ ማሽኑ ዕረፍት

ማሽንም እንደ ሰው ያርፋል። በማሽኑ ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ በኤክስ ፊደል አጠገብ የሚጻፈው የመቶኛ ቁጥር ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ መበየድ እንደሚቻል ይነግራል። 30 ከመቶ ቢል 3 ደቂቃ ሠርቶ 7 ደቂቃ ማረፍ ነው። አምፔሩ ዝቅ ሲል የሥራው ጊዜ ይረዝማል።

እዚህ ላይ እኛ ደገኞች ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የብየዳ ማሽን ዓለም አቀፍ ደረጃ እነዚህን ቁጥሮች የሚሰጠው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሙቀትን ቶሎ አይወስድም፤ ስለዚህ ማሽኑን ጽሑፉ ከሚለው የበለጠ ማሳረፍ ያሻል።

4ኛ/ ስለሚበየደው ብረት

የኤሌክትሪክ ፍሰት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ዲ.ሲ.፣ ሌላው አቅጣጫውን የሚቀያይረው ኤ.ሲ. ነው። ተራ ብረትና የማይዝግ ብረት በዲ.ሲ. ቲግ ይበየዳሉ፤ ቶርቹ ከኔጋቲቩ፣ የሥራው መቆንጠጫ ከፖዘቲቩ ይያያዛል። ቢገላበጥ አብዛኛው ሙቀት ወደ ተንግስተኑ ሄዶ ጫፉን ያቀልጠዋል። አሉሚኒየም ግን የተለየ ነው። ራሱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ በላዩ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያን ሽፋን ለመስበር በቲግ ኤ.ሲ. ያስፈልጋል፤ ኤ.ሲ. ያለው የቲግ ማሽን ደግሞ ዋጋው እጅግ ይበልጣል። አሉሚኒየም የሚያመጣ ደንበኛ ስላልነበረን ይህን ተውነው።

የአርጎንም ወጪ መታሰብ አለበት። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ቢሞላ ወደ 1500 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። በደቂቃ 8 ሊትር ብናወጣ 3 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚያገለግለው። ለአጥር በር አርጎን ማቃጠል ኪሳራ ነው፤ ለማይዝግ ብረት የደረጃ መደገፊያ ግን ዋጋውን ይመልሳል።

5ኛ/ ስለ ግዢው

ይህን ሁሉ በደብተሬ ይዤ ከአባቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ወረድን። አንድ ነጋዴ በፊቱ ላይ «300» የሚል ቁጥር በትልቁ የተጻፈበትን ማሽን አሳየንና፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ 300 አምፔር ከየትም አያገኙም» አለ። አባቴ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲሄድ አየሁ። እኔ ማሽኑን አዙሬ የጀርባውን ጽሑፍ ሳነበው ከፍተኛው 140 አምፔር ብቻ ነበር! «አባባ፣ 300 ስሙ ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም» አልኋቸው። ነጋዴውም ነገሩን በሣቅ አለፈው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እኛ ግን የዕቁቡን ገንዘብ ሳናፈስ ወጣን።

በመጨረሻ የገዛነው ባለ 160 አምፔር ዲ.ሲ. ኢንቨርተር ነው። ጽሑፉ በ160 አምፔር 35 ከመቶ፣ በ95 አምፔር 100 ከመቶ ይላል። በኤሌክትሮድም በቲግም ይሠራል፤ ቲጉም ተንግስተኑን ነክቶ በማንሣት አርኩን ስለሚያስነሣ ጫፉ ቶሎ አይበላሽም። ቶርቹንና የአርጎን ሲሊንደሩን ያን ቀን አልገዛንም፤ ኤሌክትሮዱ ሠርቶ ይግዛቸው ብለን ወሰንን። በተረፈው ገንዘብ ጥሩ የፊት መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና ደረቅ 6013 ኤሌክትሮድ ገዛን። እናቴም ለደብተር የሚሆን ተመልሶ ሲደርሳቸው መረቁን።

6ኛ/ ስለ ጥንቃቄ

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ ሲበይዱ ያለ መከላከያ ቆሜ አይቼ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም፤ ሌሊት ግን ዐይኔ አሸዋ የተበተነበት ያህል አቃጠለኝና እስኪነጋ አለቀስሁ። ምክንያቱ የአርኩ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለ ሆነ ብዙዎችን ያዘናጋል። ስለዚህ ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ መስተዋት ያለው መከላከያ ሳይዙ መበየድ አይገባም፤ ሕፃናትንም ማራቅ ያስፈልጋል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ጢሱ ትኩሳት ያመጣል፤ ቅባቱን ፍቆ በር ከፍቶ መሥራት ይገባል። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢፈስ አየሩን ገፍቶ ሰው ሊያፍን ይችላል።

አሁን ሥራው ከተጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። አባቴ በአምስተኛው ወር ከበር ሥራ ባገኙት ትርፍ ቶርቹንና ሲሊንደሩን ገዙ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በወዳደቀ ላሜራ እለማመዳለሁ። የመጀመሪያ ስፌቴን አባቴ በመዶሻ አንድ ጊዜ ቢመቱት ተሰበረ፤ «ማሽኑ ደኅና ነው፤ እጅሽ ገና ነው» አሉኝ። አሁን ግን ሁለት ጊዜ ተመትቶ የሚቆም ስፌት አለኝ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ማሽን ልትገዙ ብታስቡ አስቀድማችሁ የቤታችሁን መስመር፣ ቀጥሎ የምትሠሩትን ብረት፣ ከዚያም የጀርባውን ጽሑፍ ተመልከቱ፤ የፊቱን ቁጥር ግን ለነጋዴው ተዉለት። በጽሑፌ ስሕተት ቢገኝ መምህራኖቼ እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።