ዳይፐር ወይስ የሽንት ጨርቅ?

ጥያቄ፦ የምኖረው እምድብር ነው፤ የሁለት ወር ሕፃን አለችኝ። ያገለገለውን ዳይፐር ጓሮ እናቃጥላለን፤ ጭሱ ያሳስበኛል። ባለቤቴ ግን «ጨርቅ ውኃ ይጨርሳል» ይላል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሥጋትዎ ልክ ነው። ዳይፐር ፕላስቲክ ስላለበት ጭሱ ለሕፃን ሳንባ ጎጂ ነው፤ እንሰቱ ሥር ቢጣልም ቶሎ አይበሰብስም። የባለቤትዎም ነጥብ ተራ አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የጨርቅ ጥቅም በአስተጣጠቡ እንደሚወሰን አሳይቷል፦ አጠራቅሞ ማጠብ፣ ውጭ አስጥቶ ማድረቅ፣ ለተከታዩ ልጅ ማቆየት። ይህ ሲሟላ የጨርቁ የካርቦን ልቀት በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ስለዚህ ቀን ቀን ጨርቅ ያድርጉላት። ዓይነ ምድሩን መጸዳጃ ቤት ያራግፉ፤ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፉ፤ በደንብ ሳይደርቅ አያልብሷት፣ ቆዳዋን ያቆስላል። ክረምት ጨርቁ አልደርቅ ሲል፣ ለመንገድ ወይም ለሌሊት ዳይፐር ቢጠቀሙ አያስወቅስም። ግን አያቃጥሉት፤ ቆሻሻ ሰብሳቢ ከሌለ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ በጥልቀት ይቀበር።

ጤንነቷና አካባቢው ካሳሰቡዎ አመጋገቧንም ያስቡበት፦ እስከ ስድስት ወሯ ድረስ ጡት ብቻ ያጥቧት። የእናት ጡት ጣሳም፣ ጡጦም፣ ማገዶም አይፈልግም፤ ከአመጋገብ ምርጫዎች ሁሉ ለልጅዎም ለአካባቢዎም የሚበጀው ይኸው ነው።