ከእጅ ይጀምር፤ ሂሳብ ለሁሉም ልጅ ይገባል

«ሂሳብ አይገባኝም» የሚል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ብታገኙ አትመኑት። ያው ልጅ ሱቅ ተልኮ መልሱን ሳያጎድል ያመጣል። ማታ በጎቹን ሲያስገባ አንዲት ብትጎድል ወዲያው ያውቃል። ብይ ሲጫወት ስንት እንደበላና ስንት እንደተበላ አይሳሳትም። ቁጥር ገብቶታል! የጎደለው ሰሌዳው ላይ ያለውን ምልክት ከሚያውቀው ኑሮ ጋር የሚያገናኝለት ሰው ነው። ያ ሰው መምህሩ ነው፤ እናቱና አባቱም ናቸው። ደስ የሚለው ደግሞ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ በደጃችን አለ።

1. መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ ከዚያ በቁጥር

27 ሲደመር 15 ስናስተምር «7 እና 5፣ 12፤ 2 ይጻፋል፣ 1 በእጅ» እንላለን። ልጁም ይደግመዋል። ያ 1 ከየት እንደመጣ ካላየ ግን ነገ ይረሳዋል። ስለዚህ ጠመኔ ከማንሳታችን በፊት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይምጣ፤ ልጆቹም አሥር አሥሩን በክር እያሰሩ ያስቀምጡ። ሁለት እስርና 7 ነጠላ ከአንድ እስርና 5 ነጠላ ጋር ሲቀላቀል ነጠላዎቹ 12 ይሆናሉ። አሥሩ አዲስ እስር ሆነው 2 ይተርፋሉ። አራት እስርና 2 ነጠላ፣ 42። በእጅ የተያዘው አንድ እስር፣ ማለትም አሥር እንደነበር ልጁ በገዛ እጁ ጨብጦ አወቀ። በማግስቱ እስሩን በመስመር፣ ነጠላውን በነጥብ ይሣለው፤ ቁጥሩ ብቻውን ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጀሮም ብሩነር ልጅ አዲስ ነገር የሚማረው በድርጊት፣ በምስልና በምልክት እንደሆነ አስተምሯል። ሲንጋፖር የሂሳብ ትምህርቷን በዚህ ቅደም ተከተል አዋቅራ በዓለም አቀፍ ፈተናዎች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ተሰልፋለች። ጭራሮ፣ ጠጠርና ቆርኪ ደግሞ በጀት አይጠይቁም።

2. ማባዛትን በፊደል ገበታ

በደብተር ጀርባ የታተመውን የማባዣ ሰንጠረዥ መሸምደድ ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ግን ልጆች ማባዛት ምን እንደሆነ በዓይናቸው ይዩት። የፊደል ገበታውን ስቀሉና «ሳትቆጥሩ፣ እዚህ ስንት ፊደል አለ?» በሏቸው። 33 ረድፍ፣ በየረድፉ 7 ፊደል። አንዱ ሰባት ሰባት እያለ መደመር ይጀምራል። ሌላዋ «30ው ረድፍ 210፣ የቀረው 3 ረድፍ 21፤ 231!» ትላለች። ትልቅን ቁጥር ከፍሎ ማባዛትን ማንም ሳይነግራት አገኘችው። ልጅ ራሱ ያገኘውን አይረሳም።

3. ማካፈልን በባሕረ ሐሳብ

ጎጃም በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስና በዋሸራ የአብነት ትምህርት የሚታወቅ አገር ነው። ሊቃውንቱ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብ መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል የሞላበት ስሌት ነው። ለአራተኛ ክፍል ልጅ የሚሆነውን፣ ዓመቱ በየትኛው ወንጌላዊ እንደሚጠራ ማወቂያውን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው። ከተማው በቅዱስ ማርቆስ ስም የተጠራ ልጅ ይህን ራሱ አስልቶ ሲያወጣ እንዴት ደስ እንደሚለው ተመልከቱ! ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መሆኑን ንገሩትና ቀጣዮቹን ዓመታት ይፈልግ። 2019፣ 2023፣ 2027 እያለ ይደረድራቸዋል። «ቀሪ» ከእንግዲህ አያስፈራውም።

4. «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁ

አንድ ልጅ 43 ሲቀነስ 17ን «34» ብሎ ቢመልስ ኤክስ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። ብትጠይቁት ግን «ከ7 ላይ 3 ሲነሳ 4» ይላችኋል፤ ትንሹን ከትልቁ ቀነሰ። የስህተቱ ቦታ ታወቀ፤ አንድ እስር ፈትቶ 13 ነጠላ እንዲያደርግ አሳዩትና 26 ላይ ይደርሳል። በአካባቢያችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ሂሳብ በአማርኛ ይሰጣል። ልጅ ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያስረዳበት ወርቃማ ጊዜ ነውና በዝምታ አይለፍ። ትክክል የሠራውንም ልጅ ጠይቁት፤ ሲያስረዳ ጓደኛው ይማራል።

5. ልጁ ካለበት ጀምሩ

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተቀሰቀሰው ግጭት በክልላችን ብዙ ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ አርቋል። የተመለሰ ልጅ በዕድሜው አራተኛ ክፍል ቢቀመጥም መቀነስ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ያልተማረውን ነው ያልቻለው። ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት በቀን የተወሰነ ሰዓት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ልክ መድቦ የማስተማር ስልት በማስፋፋት ይታወቃል። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። የቻለው ያልቻለውን ያግዝ፤ ትልቁ ተማሪ ታናሹን ማስተማሩ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የኖረ ልማድ ነው።

6. ወላጆች፣ እናንተም መምህር ናችሁ

ፊደል ያልቆጠረች እናት ገበያ ላይ የ63 ብር ዕቃ ሸጣ 100 ብር ስትቀበል «እስከ 70 ሰባት፣ እስከ 100 ሠላሳ» ብላ 37 ብር ትመልሳለች። ይህ ምርጥ የቃል ሂሳብ ነው! ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና መልሱን እሱ ያውጣ። ጤፍ ሲሰፈር ቁናውን እሱ ይቁጠር። ቢሳሳት «ጭንቅላት የለህም» አትበሉት። «እስቲ እንደገና አስበው፣ ትችላለህ» በሉት።

ውድ መምህራን፣ በደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በሥልጠና ላይ ያላችሁ፣ ነገ ክፍል የምትገቡ ወጣቶችም፣ የሂሳብ ፍርሃት አብሮ የሚወለድ አይደለም። በትምህርት የመጣ ነውና በትምህርት ይሄዳል። ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ጀምሩ፤ አንድ እስር ጭራሮ ይዛችሁ ክፍል ግቡ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ ወደ ፊት ጥሩና «አሳየን» በሉት። ይችላል፤ እናንተም ትችላላችሁ!