የፓኬጅ መክፈቻ መልእክትን እንዴት ላስቁም?

ጥያቄ፦ በአር ቋንቋ የስታቲስቲክስ ፓኬጅ እየጻፍኩ ነው። በተከፈተ ቁጥር የሌሎች ፓኬጆች መልእክት ስክሪኑን ይሞላዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የፓኬጅዎን «ዲስክሪፕሽን» ፋይል ይመልከቱ። ሌሎቹን ፓኬጆች «ዲፔንድስ» በሚለው ስር ከዘረዘሯቸው፣ የእርስዎ ሲከፈት እነሱም ለተጠቃሚው አብረው ይከፈታሉ፤ መልእክታቸውም ይወጣል። «ኢምፖርትስ» ወደሚለው ካዛወሯቸው ግን ከበስተጀርባ ብቻ ይጫናሉ፤ መልእክቱም አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ዋናው መፍትሔ ይህ ነው። የሚጠቀሙባቸውን ፈንክሽኖች «ኔምስፔስ» ፋይል ውስጥ ማስገባትዎን አይርሱ።

ፓኬጁ የሌላ ሰው ከሆነና ማስተካከል ካልቻሉ፣ «ላይብረሪ» የሚለውን ትእዛዝ «ሰፕረስ ፓኬጅ ስታርትአፕ ሜሴጅስ» በተባለው ፈንክሽን ቅንፍ ውስጥ ያስገቡት። ይህ የመክፈቻ መልእክትን ብቻ ይደብቃል፤ ማስጠንቀቂያዎች እንደበፊቱ ይታያሉ። ሁሉንም ዓይነት መልእክት የሚያፍነውን «ሰፕረስ ሜሴጅስ» ግን አልመክርዎትም።

ከመደበቅዎ በፊት መልእክቱን አንድ ጊዜ ያንብቡት። ለምሳሌ ዲፕላየር የተባለው ፓኬጅ ሲከፈት «ፊልተር» እና «ላግ» የተባሉትን የ«ስታትስ» ፓኬጅ ፈንክሽኖች እንደሸፈነ ይናገራል። ይህን ያላየ ሰው አንዱን ፈልጎ ሌላውን ይጠራል፤ ትንተናውም ይበላሻል። ስለዚህ ስማቸው የሚጋጭ ፈንክሽኖችን ሲጠሩ ሁልጊዜ የፓኬጁን ስም ከፊታቸው ይጻፉ።