የማን ልጅ ነህ?
(ስለ ትንሽ ከተማ ጸጥታና ስለ አዲስ ነዋሪ የቀረበ አጭር ጥናት)

በትንሽ ከተማ ጸጥታ አስከባሪው የማያውቀውን ሰው ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው። መልሱ ከተገኘ ዘመዱም፣ ዋሱም፣ ሽማግሌውም ወዲያው ይታወቃል። መልስ የሌለው ሰው የመጣ እንደ ሆነስ? ይህን ጥያቄ በደባርቅና በዳባት ምሳሌነት ለመመርመር እንሞክራለን።

በአገራችን ገጠር ጥፋተኛ ይፈለግ የነበረው በአውጫጭኝ ነው። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ አጥፊው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱ መመለስ አይፈቀድለትም። ስሙን በምስጢር የሚያወጣው ሰው «ወፍ» ይባላል። አጥፊው ካልተገኘ ካሳውን ሕዝቡ ተጋርቶ ይከፍላል። በ1934 ዓ.ም. ፖሊስ በአዋጅ ከተቋቋመ በኋላም ልማዱ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ያለ ብዙ ወጪ አገር ያስጠብቅ እንደ ነበር አንክድም። ነገር ግን ሥርዐቱ የሚሠራው ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲተዋወቅ ነው። በጉባኤው መካከል ወገን የሌለውን ሰው መጠቆም ይቀላል፤ ሲበደልም የሚጮኽለት የለም።

እንግዲህ ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ገብስ ዘርቶ ከብት አርብቶ ይኖር የነበረው ባላገር በአንድ ጊዜ ከተሜ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ከአዲ አርቃይ በኩል ሽቅብ ወጥተው ደባርቅ ገቡ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ትግራይ ውስጥ ከነበሩት ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሐሩሽ ካምፖች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በዳባት አጠገብ በአለምዋጭ ሰፈሩ። ሦስቱን ወገኖች ሕግ ለየብቻ ያያቸዋል፤ በከተማው ዐይን ግን ሦስቱም ዋስ የሌላቸው እንግዶች ናቸው።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛው መታወቂያና ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ወረቀት ብቻውን ጎረቤት አይሆንም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በ2016 ዓ.ም. በአለምዋጭ ስደተኞች ላይ ግድያ፣ እገታና ዝርፊያ መድረሱ በይፋ ተነገረ። ተዘርፎ ዝም የሚል ሰው ባለበት አገር ሌባ ይደፋፈራል። ዛሬ በእንግዳው የለመደ እጅ ነገ የተወላጁን በር ይሰብራል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት ሌክሲንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990 ትልቅ የሥጋ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሆነ። በአዮዋ ግዛት የምትገኘው የስቶርም ሌክ ፖሊስ የአዲሶቹን ነዋሪዎች ቋንቋ የሚያውቁ ሠራተኞች ቀጠረ። በአንጻሩ የከተማ ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃድ መርማሪ በሆነበት ስፍራ የተበደለው ስደተኛ አቤት ማለትን ይፈራል፤ ምስክር መሆንንም ይሸሻል። ምስክር ያጣ ፖሊስ ደግሞ ዐይኑ እንደ ታሰረ ዘበኛ ነው።

በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ አቤቱታ የአመልካቹ ትውልድ ከመጠየቁ በፊት ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ትግርኛ የሚያውቅ ፖሊስ በዳባት ይመደብ፤ ከአዲሶቹ ነዋሪዎችም ሽማግሌዎች ተመርጠው በሽምግልናው ላይ ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ ሰው በማስረጃ እንጂ በዋስ ማጣት አይጠርጠር። ፖሊሱ ጥቂት ነው፣ ዘመኑም የጦርነት ነው የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ጥቂት ፖሊስ ያለው ከተማ ከሌላው ይልቅ የነዋሪውን አመኔታ ይፈልጋል።

እኛም ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በመጣን ቀን የማን ልጅ እንደ ሆንን የሚያውቅ አልነበረም። ያስገባን ዘበኛ የጠየቀን ስማችንን ብቻ ነበር። ነገ በየከተማው ዳኛ፣ ጸሐፊና የፖሊስ መኮንን ሆነን ስንቀመጥ ይህን አንርሳ።