መቃብር የሌለው ሐዘን

የሚነበበው፦ ዮሐንስ 11፥17–44፤ 1 ተሰሎንቄ 4፥13–18



በአገራችን ሐዘን ሥርዓት አለው። መርዶ ነጋሪዎች ማልደው ይመጣሉ፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይገባል፤ ሬሳውም በምእመናን ዝማሬ ወደ መቃብር ይሸኛል። ይህ ሥርዓት ለሕያዋን ትልቅ ረዳት ነው፤ ልብ አልቀበልም ያለውን ነገር ዓይን አይቶ፥ እጅም አፈር ጨብጦ ይማራልና። እንግዲህ ሬሳው ያልተገኘ፥ መቃብርም የሌለው ሰው ሲሆን፥ የቀሩት በምን ይጽናናሉ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን የሰማነው በጅቡቲ ከተማ፥ ሃያብለ በሚባለው ሰፈር ነው። በዚያ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ለመጎብኘት ከደጋው አገር በባቡር ወርደን ሳለ፥ በሰው ቤት እየሠራች የምትኖር አንዲት እኅት ወደ ቤትዋ ጠራችን። ታናሽ ወንድምዋ ወደ የመን ለመሻገር መጥቶ፥ ጥቂት ቀን ከእርስዋ ዘንድ አድሮ፥ በኦቦክ በኩል በሌሊት ጀልባ ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ጀልባው ተገለበጠ የሚል ወሬ መጣ፤ ነገር ግን እርሱን ሞቶ ያየው አንድም ሰው የለም። እናታቸው በደጋው አገር ዛሬም ማታ ማታ ስልኩን ከራስጌዋ ታኖራለች። ይህች እኅት፦ «ቄስ፥ ካለቀስሁ በእጄ የቀበርሁት ይመስለኛል፤ ካላለቀስሁ ደግሞ የተውሁት ይመስለኛል፤ ምን ላድርግ?» አለችን።

እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ፈጥነን ስለ ትንሣኤ ቃል ጠቀስንላት። እርስዋም ራስዋን ነቅንቃ ዝም አለች። የተናገርነው እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ጥያቄዋን ሳንሰማው መለስንላት። በዚያ ሌሊት የአልዓዛርን ታሪክ እንደ አዲስ አነበብን፤ ከዚያም ያገኘነውን በሦስት ክፍል እናቀርባለን።

1ኛ. ጌታ የሚያለቅሱትን አልገሠጸም።

ማርታና ማርያም ጌታን ባገኙት ጊዜ ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ፤ አንተ በዚህ ብትኖር ወንድማችን ባልሞተ ነበር አሉ (ቁጥር 21ና 32)። ንግግራቸው አንድ ሲሆን መልሱ ግን ሁለት ዓይነት ሆነ። ለማርታ ስለ ትንሣኤ አስተማራት፤ ለማርያም ግን ከእርስዋ ጋር አለቀሰ። አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። እንግዲህ ዕንባ የእምነት ጉድለት ነው የሚል ማን ነው? ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ አስተማራቸው እንጂ፥ ፈጽሞ አትዘኑ አላላቸውም።

አባታችን ማርቲን ሉተር ይህን በቤቱ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1542 በመስከረም ወር ልጁ ማግዳሌና በ13 ዓመትዋ በእቅፉ ሞተች። ከጥቂት ቀን በኋላ ለወዳጁ ለዮናስ ሲጽፍ፥ ልጃቸው ከዚህ ዓለም መከራ ስላረፈች እርሱና ሚስቱ ማመስገን እንደሚገባቸው፥ ነገር ግን ፍቅር ስለሚበረታባቸው ያለ ልቅሶ ማመስገን እንዳልቻሉ ገለጸ። ትንሣኤን አጥብቆ የሰበከ ሰው ይህን ለመጻፍ አላፈረም።

2ኛ. ተስፋችን የተመሠረተው በመቃብሩ ላይ አይደለም።

የዚህች እኅት ሐዘን የብዙ ቤት ሐዘን ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. በጅቡቲ ጎዶሪያ ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያው ዳርቻ 38 ሰዎች፥ ሕፃናትም ጭምር፥ ሰጠሙ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶም ከ20 በላይ ሌሎች ሞቱ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን በአብየን ዳርቻ ከ90 በላይ አለቁ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ። ስማቸው ሳይታወቅ የተቀበሩ፥ በባሕሩም ውስጥ የቀሩ አሉ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ዓይነት ሐዘን ታውቀዋለች። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ቤተ ሰባቸው ግን የት እንደ ደረሱ ሳያውቅ ዓመታት አለፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ በ1972 ዓ.ም. ታስረው፥ ብዙ ሥቃይ ተቀብለው፥ ለ10 ዓመት ያህል ያለ ፍርድ በወኅኒ ኖሩ። የባላቸው አፅም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው በ1984 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የሚያለቅሱበት መቃብር አልነበራቸውም፤ እምነታቸውን ግን አልተዉም።

ይህ እንዴት ይቻላል? ሐዘንተኛው ከመቅበርና ከመተው ሌላ ሦስተኛ መንገድ ስላለው ነው፤ እርሱም አደራ ነው። በአገራችን አደራ ከባድ ነገር ነው። ልጁን ለታመነ ሰው አደራ የሰጠ ልጁን ጣለው አይባልም። ሐዋርያውም በእስር ቤት ሳለ ያመነውን እንደሚያውቅ፥ አደራውንም ሊጠብቅ የሚችል እንደ ሆነ ለጢሞቴዎስ ጻፈለት (2 ጢሞቴዎስ 1፥12)። ብንኖርም ብንሞትም የጌታ ነንና (ሮሜ 14፥8)፥ የጠፋው ወንድም በሕይወት ቢኖር በጌታ እጅ ነው፤ ሞቶም ቢሆን ከጌታ እጅ አልወጣም። ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን የሚመልስበት ቀን እንዳለ ራእይ 20፥13 ይነግረናል። ያ ቀን የፍርድ ቀን ስለ ሆነ፥ ስለ እያንዳንዱ ሟች ከቃሉ በላይ ልንናገር አልተሰጠንም። ነገር ግን ፈራጁ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ያለቀሰው ጌታ እንደ ሆነ እናውቃለን።

3ኛ. ማጽናናት የጉባኤው ሥራ ነው።

እግዚአብሔር የሚያጽናናን፥ እኛም በመከራ ያሉትን እንድናጽናና ነው (2 ቆሮንቶስ 1፥4)። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በዝምታ በምድር ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ነው። እንደዚሁ ዛሬም፥ «ደላላ ተከትሎ የሄደ ምን ያግኝ?» የሚል ሰው በምእመናን መካከል አይገኝ። ስለ መንገዱ ክፋት ለወጣቶች መምከር ይገባናል፤ ምክሩ ግን ከመሄዳቸው በፊት እንጂ በልቅሶ ቤት አይደለም።

በሃያብለ በማግስቱ ጥቂት ምእመናን በዚያች እኅት ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ድንኳን አልነበረም። ቡና ተፈላ፤ እርስዋም ስለ ወንድምዋ ልጅነት ብዙ ነገረችን፤ እኛም ሰማን። ወደ ማታ ስሙን ጠርተን ለጌታ አደራ ሰጠነው። ያን ጊዜ አለቀሰች። የቀበረችውም የተወችውም አልመሰላትም። ለእናትዋ ምን እንደምትላት ጠየቀችን፤ እኛም፦ «ስልኩን ከራስጌሽ አንሺ አትበያት፤ አብረሻት ጸልዪ» አልናት።

ስለዚህ እናንተ በደጋው አገር ያላችሁ ጉባኤዎች ሆይ፥ ልጃቸው የጠፋባቸው ወላጆች በመካከላችሁ ካሉ፥ ሬሳ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሞቷል በሉ ብላችሁ አታስገድዷቸው፤ ይመጣል ብላችሁም አታታልሏቸው። በቤታቸው ተቀመጡ፤ የልጁንም ስም በምልጃ ጸሎት ጥሩ።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. ጌታ ለማርታና ለማርያም የመለሰው ስለ ምን ተለያየ?
2. አንድን ሰው ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት እርሱን ከመተው በምን ይለያል?
3. በአጥቢያችን መቃብር የሌለው ሐዘን ያለበት ቤት የትኛው ነው? በዚህ ሳምንት ማን ይጎበኘዋል?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፥ የት እንዳሉ የማናውቃቸውን አንተ ታውቃቸዋለህ። በደጅ ቆመው የሚጠብቁትን እናቶች አጽናና። እኛንም ለመስማት የታገሥን፥ ከሚያለቅሱ ጋር የምናለቅስ አድርገን። አሜን።