ማዳበሪያ ሙሉ ደብተር

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አልጽፍም። ቤታችሁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ ግን ይቺን አንብቧት፤ ዞራ ዞራ ጤና ጋ ትመጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከቦንጋ ተነስቼ ማንኪራ ሄጄ ነበር። ለማታውቋት፣ ማንኪራ በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ ያለች ቀበሌ ናት፤ የቡና መገኛ ተብላ የምትጠራው፣ «እናት ቡና» የሚሏት ዛፍ ጫካዋ ውስጥ ያለችው። አክስቴ እዚያ ነው የምትኖረው። የጠራችኝ ግን ቡና ልታጠጣኝ አይደለም። «ልጅቷ ራሷን ያማታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ና እያት» ብላ ነው።

አየኋት። ግፊቷ ደህና፣ ትኩሳት የለም፣ ዓይኗም ደም ማነስ አያሳይም። ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው ስላት «ዘጠኝ ሰዓት ገደማ» አለች፤ ሌሊት ማለቷ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳለች። ቡናስ? «እሱን አልቆጥርም ጋሼ።»

ልጅቷ አምና ተፈትና አላለፈችም፤ ዘንድሮ በግል ነው የምትፈተነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። በ2014ም 3.3 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ አሁንም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያላለፈን ልጅ «ሰነፍ» የምትሉ ወላጆች እባካችሁ ተዉ። አክስቴንም ይህንኑ ነው ያልኳት፣ ደስ ባይላትም።

«እስቲ የምታጠኚውን አሳዪኝ» አልኳት። ከአልጋ ስር ማዳበሪያ ጎትታ አወጣች። የአራት ዓመት ደብተር፣ የሰው ደብተር ፎቶኮፒ፣ የአምናና የካቻምና ጥያቄዎች፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የፊዚክስ መጽሐፍ፣ ሁሉም ተደባልቆ። ግማሹ እርጥበት ነክቶት ሻግቷል፤ የካፋን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ስልኳ ላይ ደግሞ ከቴሌግራም የወረደ ከ300 በላይ ፋይል። በየማታው የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት የምታጠፋው ምን እንደምታነብ በመፈለግ ነው። ሲጨንቃት እጇ የገባውን ታነባለች፤ ያ ደግሞ ሁልጊዜ የምታውቀው ባዮሎጂ ነው።

ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኔን ነው ያየሁት። ሁለተኛ ዓመት ሕክምና ላይ የአናቶሚ ኖት ከሦስት ሲኒየር ፎቶኮፒ አድርጌ፣ በአራት ቀለም አስምሬ፣ ፈተናው ላይ ወደቅኩ። ኖት መሰብሰብ የማጥናት ስሜት ይሰጣል። ግን አይደለም።

ማዳበሪያውን መሬት ላይ ገለበጥነው። መጀመሪያ በየትምህርቱ ለየን፤ እሷ የተፈጥሮ ሳይንስ ናት፣ ስለዚህ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ አፕቲትዩድ። ስድስት ክምር። ከዚያ ከእያንዳንዱ ክምር ተመሳሳዩን አወጣን። ስለ አንድ ምዕራፍ አራት ኖት ካለ የሚቀረው አንድ ነው፣ እሱም ራሷ በእጇ የጻፈችው። ሌላው ወደ ማዳበሪያው ተመለሰ። (ልታለቅስ ነበር። «አልጣልነውም፣ አልጋ ስር ነው ያለው» ብዬ አባበልኳት።)

ቀጥሎ የመማሪያ መጽሐፉን ማውጫ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጣ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እያንዳንዱ ምዕራፍ አጠገብ ምልክት፦ አውቀዋለሁ፣ እጠራጠራለሁ፣ አላውቀውም። ይሄኔ ነው ጉዱ የወጣው። ኬሚስትሪ ላይ «አላውቀውም» የሚለው ከግማሽ በላይ ሆነ። አምና ይህን አላየችውም ነበር፣ በማዳበሪያ ውስጥ አይታይማ።

አሁን ዋናው ነገር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ የቀራቸው 40 በመቶ ሲሆን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ስታነቡት «ገብቶኛል» የሚያሰኛችሁ ያ የአምስት ደቂቃው ስሜት ነው።

ስለዚህ ኖታችሁ ጥያቄ ይሁን። ገጹን በቁመት በመስመር ክፈሉት፤ በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ፣ ስታጠኑ ቀኙን በእጅ ሸፍኑ። በቃላችሁ መያዝ ያለበትን ደግሞ በትናንሽ ወረቀት አድርጉት። ከፊት «እንደ ብሮንስተድና ሎውሪ አሲድ ምንድን ነው?» ከጀርባ «ፕሮቶን ሰጪ»። የአክስቴን ልጅ የጫማ ካርቶን በሦስት ክፍል አስከፈልኳት። አዲስ ወረቀት በየቀኑ የሚታየው ክፍል ይገባል፤ ከመለሰችው በሦስት ቀን ወደሚታየው፣ ያንንም ከመለሰች በሳምንት ወደሚታየው ያልፋል፤ ከሳተችው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሴባስቲያን ላይትነር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ነው። ብር አያስወጣም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

አንድ ደብተር ደግሞ ለስህተት ብቻ። የድሮ ፈተና ስትሠሩ የሳታችሁትን ጥያቄ፣ ለምን እንደሳታችሁት በአንድ መስመር ጻፉ፦ ቀመሩን ረሳሁ፣ ጥያቄውን በጥድፊያ አነበብኩ፣ ምዕራፉን ጭራሽ አላውቀውም። ለፈተና ስትሄዱ ከዚያ ሁሉ ወረቀት የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን አትመኑ፤ ከ2014 ጀምሮ ፈተናው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ስልክም አይገባም።

ወደ እንቅልፍ እንምጣ። የተጠናው ነገር የሚረጋው ስንተኛ ነው፤ ሦስት ሰዓት የተኛ ጭንቅላት ማታ የገባለትን ጠዋት አያገኘውም። የቡና ኃይል ደግሞ ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ማንኪራ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ተዉ ማለት ድፍረት ነው፣ አላልኩም። ያልኩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ አይጠጣ ነው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ ግን በአንዴ አታቁሙ፣ ራስ ምታቱ ይብሳል፤ በየሁለት ቀኑ አንድ ሲኒ ቀንሱ።

ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ይዛችሁ ዘግታችሁ አታጥኑ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ራስ ምታቱ ከትኩሳት፣ ከማስመለስ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ጤና ተቋም ሂዱ። ልጁ «ካላለፍኩ መኖር ምን ያደርግልኛል» ካለም እንደ ቀልድ አትለፉት፣ አጠገቡ ሁኑ፣ ወደ ሐኪምም ውሰዱት።

ትናንት ማታ ፎቶ ላከችልኝ። ካርቶኑ ሞልቷል፣ የኬሚስትሪው ክፍል ሊፈነዳ ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ተኩል። «አሁን ልተኛ ነው ጋሼ» ይላል ከስሩ። አክስቴ በበኩሏ የማታውን ቡና ወደ ምሳ ሰዓት አምጥታዋለች፤ ጎረቤቶቿ ግራ ገብቷቸዋል አሉ።