አንድ ሲም ካርድ ለመላው ቢሮ

ሦስትና አራት ሠራተኞች ያሉት የንግድ ወይም የድለላ ቢሮ ለየኮምፒዩተሩ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ግዴታው አይደለም። በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ላፕቶፕ፣ ሲም ካርድ ከገባበት ዶንግል የሚያገኘውን ኢንተርኔት በዋይፋይ ለሌሎቹ ማካፈል ይችላል።

በኡቡንቱ ሊኑክስ በመጀመሪያ ዶንግሉ ተሰክቶ ኢንተርኔቱ መሥራቱ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ‹‹ሴቲንግስ›› ውስጥ ‹‹ዋይፋይ›› ተከፍቶ ሆትስፖት እንዲበራ ይታዘዛል፤ ስምና ቢያንስ 8 ፊደላት ያሉት የይለፍ ቃልም ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ ላፕቶፑ ለየተጠቃሚው በ10.42.0 የሚጀምር አድራሻ እያደለ የሁሉንም ጥያቄ በአንዱ ሲም በኩል ያስተላልፋል። የዋይፋይ ካርዱ ይህን አሠራር የማይቀበል ከሆነ ግን ሆትስፖቱ አይነሳም። ስለዚህ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ቢሞክረው ይመረጣል።

ዋናው ጥንቃቄ በሒሳቡ ላይ ነው። ሁሉም የሚጠቀመው ከአንድ ጥቅል በመሆኑ አንዱ ሠራተኛ ቪዲዮ ሲከፍት፣ ወይም አንዱ ኮምፒዩተር በራሱ ጊዜ ማሻሻያ ሲያወርድ፣ ለዋጋ መጠየቂያና ለባንክ ሥራ የታሰበው ጥቅል ያልቃል። ስለሆነም በየኮምፒዩተሩ ራሱን በራሱ የሚያወርደው ማሻሻያ አስቀድሞ ይዘጋል። ላፕቶፑ ሲጠፋ የሁሉም መስመር እንደሚቋረጥም መዘንጋት የለበትም።

የይለፍ ቃሉን ለጎረቤት ሱቅ የሰጠ ነጋዴ የጎረቤቱንም ሒሳብ ከፋይ ይሆናል።